ተርታሪዎቹ አልሄድ ሲሉ

ጠ፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ… ግጭ! ጸጥታ። ከዚያ ደግሞ ጠጠጠጠጠጠ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደ በጠሰ ጋሪ፤ እንደገና ግጭ!

ዓይኔን ሳልገልጥ አዳመጥኩ። የምተኛው ከሱቃችን በላይ ባለችው ቆጥ ላይ ነው፤ ከሳንቃው ሥር የአባቴ የልብስ ስፌት መኪና ቆማለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የነቃሁት በእሷ ድምፅ ነው። አባቴ ፔዳል ሲረግጥ ቆርቆሮ ላይ እኩል የሚወርድ ዝናብ ነው፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ። ይኼኛው ግን ዝናብ አልነበረም። በረዶ ነበር፣ ያውም ነፋስ የቀላቀለ።

ሁለት ነገር ባንዴ መጣብኝ። አንዱ፣ መኪናዋ ተበላሽታለች። ሌላው፣ አባቴ በታመመው እግሩ እየረገጠ ነው። ይኼ ሁለተኛው ከአልጋዬ አስፈነጠረኝ። ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ መሰላሉን ስወርድ የአባቴ ጩኸት ተቀበለኝ።

«ኮት ነው የምሰፋው እትዬ! ቴሌግራም አይደለም!»

አባቴ ከመኪናዋ ፊት ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ተቀምጧል፤ ሁለት እጆቹ በመርፌው ሥር ቀይ ጨርቅ ይዘዋል። ከአጠገቡ፣ በዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ፣ ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ቀሚሷን በጉልበቶቿ መሃል ሰብስባ፣ ምላሷን በጥርሶቿ ነክሳ፣ ሁለቱንም እግሮቿን ፔዳሉ ላይ ጭናለች። ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ስታድል የኖረች ፖስተኛ ናት። ስትረግጥ እንኳ መታጠፊያ የደረሰች ይመስል ወደ ጎን ታዘነብላለች።

«ወደ ኋላ ዞረብሽ! ይኸው ክሩ ተበጠሰ!»

«ብስክሌት ወደ ኋላ ቢረገጥ ምንም አይሆንም።»

«ብስክሌት መርፌ አለው?»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋና እጅህን አሠራ። የእግሩን ነገር ለእኔ ተወው።»

አባቴ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዓለም ላይ «አንተ ልጅ» የምትለው እሷ ብቻ ናት። እኔን ስታይ ደግሞ «ህልመኛው ነቃ!» አለች። «ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው። በል ካውያውን ሰካ።»

የእኔ ሥራ መተኮስና ቁልፍ መትከል ነው። ካውያውን ሰካሁት።

ለዚህ ያበቃችን አንዲት ስፒል ናት። የልብስ ሰፊ ወለል ስፒል አያጣም። አባቴ ስኳር በሽታ ካለበት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስኳሩ ቀስ ብሎ የእግሩን ስሜት ወስዶበት ኖሮ፣ ስፒሏ በጫማው ሶል አልፋ ከአውራ ጣቱ በታች፣ ውስጠ እግሩ ላይ ስትገባ አላወቀም። ቀኑን ሙሉ ረገጣት፤ በማግስቱም። ካወቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ወር ያህል በጥቁር ካልሲ ሸፍኖ «ጭረት ናት፣ ጭረት» እያለ ከረመ። እኔ የደረስኩበት ካልሲውን ሳጥብ ነው። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝና ለአክስቴ ደወልኩ። «ሦስት ቀን እቆያለሁ» ብላ ቡናማ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ነገሩን አላድበሰበሰም።

«ስድስት ሳምንት እንሞክራለን። በስድስት ሳምንት በግማሽ ካልቀነሰ፣ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ሳይገባ የእግሩን ፊት እንቆርጣለን። ከዛሬ ጀምሮ ያ እግር ምንም ነገር አይረግጥም።»

«ፔዳልም?» አለ አባቴ።

«ፔዳል ከሁሉም በፊት።»

«በግራዬስ?»

«ግራውም የዚያው ስኳር እግር ነው። እሱንም ሊያመጡልኝ ነው?»

የእግር ፊት ማለት ለአባቴ ፔዳል ማለት ነው፤ ፔዳል ማለት ሱቁ፣ ሱቁ ማለት ደግሞ እሱ ራሱ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሞተር አስገጥም» ሲለው ኖሯል። «ሞተር እጄ የሚለውን አይሰማም፤ እግሬ ይሰማል» ነው መልሱ። ያን ሰሞን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ለሚለማመደው የሙዚቃ ጓድ ሃያ ሁለት ቀይ ኮት ልንሰፋ ተቀብለናል። ታክሲ ውስጥ አክስቴ የራሷን ጉልበቶች ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣

«እነዚህስ ጡረታ ወጥተው ምን ይሠራሉ?» አለች።

እንዲህ ነው የአባቴ መኪና እጇ የወንድም፣ እግሯ የእህት የሆነው።

አክስቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱን አፈረሰችው ብል አላጋነንኩም። የስኳር ጣሳውን ከነክዳኑ ለጎረቤት ሰጠች። የአባቴን ጠባብ ጫማ በአደባባይ በመቀስ ቀድዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለች። ጥቁር ካልሲዎቹን ሁሉ ሰብስባ ነጭ ገዛች፤ «ነጭ ካልሲ ምስጢር አይጠብቅም» ብላ። ጠዋትና ማታ ጣቱን ወግታ ስኳሩን በመለኪያዋ ታያለች፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የሚጮኸው መለኪያው ሳይሆን እሷ ናት። እኔንም «ወለሉን እየው! ስፒል እንደ ዘር የተዘራበት!» ብላ ማግኔት በገመድ አስራ ሰጠችኝ። በየማታው ማግኔቷን እየጎተትኩ ሱቁን ስዞር ውሻ የማንሸራሸር እመስል ነበር።

«እንግዳ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም መዳብ ይላሉ» ብሎ አባቴ አንድ ቀን በጆሮዬ አንሾካሾከ። «የእህቴ መዳብ ላይ በሦስተኛው ቀን ደረስን።»

«ሰምቼሃለሁ!» አለች ከጓዳ።

ቁስሉን መለካት የአባቴ ነገር ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ቁስል የምታጥበው ሲስተር በወረቀት ማስመሪያ ስትለካው አየና ሙያው ተነካበት። በማግስቱ የቁልፍ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። አንድ በአንድ ከቁስሉ በላይ ይዞ አየና «ካፖርት» አለ። ትልቁ የካፖርት ቁልፍ ልክ ነበር። ሲስተር ወደ ሐኪሙ ሄዳ ተመልሳ፣ ግማሽ ማለት ወደ ኮት ቁልፍ መውረድ ማለት እንደሆነ አረጋገጠችለት። ቤት ሲገባ አምስት ቁልፎች መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረ፤ ካፖርት፣ ኮት፣ እጅጌ፣ ሸሚዝ፣ በመጨረሻም ምስር የምታክለዋ የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ።

«ይኸው መንገዱ» አለ። «ከዚህ ተነስተን ወደዚያ።»

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኩት ላጽናናው።

«ዕንቁላሉስ ቢያንስ እግሩን አላጣም» አለኝ።

ሲስተር አጭር ናት፤ መነጽሯን ከዓይኗ ይልቅ ግንባሯ ላይ የምትለብስ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮትና ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ የሚቀድም የግድግዳ ሰዓት አለው። በሁለተኛው ቀጠሯችን የቁስሉን ጠርዝ በትንሽ መቀስ ስትከረክም አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቴ ግን አንገቱን አስግጎ ያያል።

«መቀስሽ ጥሩ ነው ሲስተር። ማን ይስልልሻል?»

«አያምዎትም ጋሼ?»

«ስፒል ያልተሰማው እግር መቀስ ይሰማዋል? ግን ቀዳዳውን ለምን ታሰፊዋለሽ?»

«የሞተ ጠርዝ ላይ አዲስ ቆዳ አይይዝማ።»

«ልክ ነሽ። የተበላ ጠርዝ ላይ ስፌት አይይዝም።» ከዚያ ሲያብሰለስል የቆየውን አወጣው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁስሌ ቀይ ነው፣ ያብጣል፣ ይግላል። ይኼ ማለት ሰውነቴ እየሠራ ነው ማለት አይደለም? ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እየሠራ ለምን አይጨርስም?»

ሲስተር መቀሷን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ጥያቄው ደስ እንዳላት ያስታውቅ ነበር።

«ይሠራል ጋሼ። ቆዳ ሲቀደድ መጀመሪያ የሚደርሱት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ጀርሙን ይበላሉ፣ የሞተውን ሥጋ ያፈርሳሉ። የሚቀላውም የሚግለውም እነሱ ሲሠሩ ነው፤ ብግነት እንለዋለን። ለጥቂት ቀን ከሆነ ጥሩ ነገር ነው። ከዚያ ግን መብረድ አለበት። መጀመሪያ የመጡት ሞተው ያልቃሉ፤ ከኋላ የሚመጡት ትልልቆቹ በሊታዎች ደግሞ የእነሱን ሬሳ ይጠርጉና ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ማፍረሱን ትተው አዲስ ሥጋ የሚሠሩትን ይጠራሉ።»

«የእኔዎቹስ?»

«ስኳር በበዛበት ደም ውስጥ ጠባያቸው አይለወጥም። የሚፈርሰው አልቆም ያፈርሳሉ። ጭራሽ አዲስ የተሠራውን ያፈርሳሉ።»

አባቴ ጭኑን በጥፊ መታ።

«ተርታሪዎች!»

«ምን አሉ?»

«ተርታሪዎች ናቸዋ! ያረጀ ኮት ሲመጣልኝ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ? እተረትራለሁ። አሮጌውን ክር ነቅዬ፣ የተበላውን ቆርጬ አጸዳለሁ። ከዚያ ምላጩን አስቀምጬ መርፌ አነሳለሁ። ተርታሪው አልነሳም ብሎ ወንበሩ ላይ ከተንሰራፋ ሰፊው የት ይቀመጣል? ሰፊው አንድ ሲሰፋ ተርታሪው ሁለት ይተረትራል!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች አክስቴ፣ አሁንም ለግድግዳው።

ሲስተር እስክትነቃነቅ ሳቀች። «ይኼን ያህል ዓመት ለሕመምተኛ ሳስረዳ እንዲህ ያስረዳኝ የለም። እንግዲህ ልብ ይበሉ። ስኳሩ ሲወርድ ተርታሪዎቹ ጠባይ ይገዛሉ። እግሩ ላይ ጫና ሲያርፍ ግን እንደ አዲስ ይቀደዳል፤ እንደ አዲስ ሲቀደድ እንደ አዲስ ይጠራሉ። እያንዳንዷ እርግጫ የጥሪ ደብዳቤ ናት።»

«ደብዳቤውን እኔ አላደርስም» አለች ፖስተኛዋ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አክስቴ መኪናዋን ገራቻት። በረዶው ቀስ እያለ ዝናብ ሆነ። እርግጥ አባቴ እንደ መርከብ አዛዥ «ጀምሪ! ቀስ! ጥግ ነው፣ ጥግ! ቁሚ!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ እሷም «ለፍላፊ! ብስክሌቴ እንኳ እንዲህ አይጮኽም ነበር» ትለዋለች። የአንዱ ኮት እጅጌ ተዘግቶ ተሰፋ። የሌላው ኪስ የተገጠመው ጀርባ ላይ ነው፤ ሁለቱ ስለ ልጅነታቸው ሲጨቃጨቁ ማንም አላየውም። እኔ ተርትሬ አስተካከልኩ። ደንበኛ ሲገባ አራት እግርና አራት እጅ ያለው ልብስ ሰፊ አይቶ ይደነግጥና፣ ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የልብሱ መድረስ ሲነገረው እንኳ አይነሳም።

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ሲስተር ፋሻውን ፈታች። የካፖርቱ ቁልፍ ለቁስሉ ሰፋው! አባቴ ቁልፉን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም አሳየ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ሞላው። ጠርዙ ቀልቶ፣ ዙሪያው ግሎ፣ ቁስሉ ወደ ካፖርት ተመለሰ።

ሲስተር መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች። እንዲህ ስታደርግ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ ተጠራ። ወረቀት ላይ ቀን ጻፈ። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል፤ የተጻፈው ቀን የመቁረጫው ነው።

ቤት ስንደርስ አክስቴ የእጅ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ረግጠሃል።»

«አልረገጥኩም።»

«እኛ ስንተኛ ወርደህ ረግጠሃል!»

«በእናታችን አፈር! አልረገጥኩም እትዬ።»

«ጣፋጭ በልተሃል?»

«መለኪያሽን ጠይቂው።»

መለኪያው ንጹሕ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም መጥፎ ቁጥር የለም። አክስቴ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። አባቴም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ፣ ምን እንደሚሠራ ስላላወቀ፣ የአሥራ አራተኛውን ኮት እጅጌ አነሳ።

«ነይ» አላት። «ሥራ ለሠሪው ነው።»

እኔ ካውያ ስይዝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጥፎ ልማድ ነው፤ ሁለት ኮሌታ አቃጥዬበታለሁ። ግን የእርጥብ ጨርቅ ሽታና የመኪናዋ ድምፅ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ቦታ ይወስዱኛል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወስደውኝ ነበር። የአክስቴ ዝናብ ይዘንባል፤ ጠጠጠጠ፣ ጠጠጠጠ። ከዝናቡ ሥር ደግሞ ዱብ… ዱብ… ዱብ… የሚል አለ፤ ከጣሪያ ጥግ የምትንጠባጠብ ውኃ የመሰለ። ይኼን ድምፅ ከአሥር ቀን በላይ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሲጀምሩ ይጀምራል፣ ሲያቆሙ ያቆማል። የሕልሜ አካል ነው ብዬ ተውኩት እንጂ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ያን ቀን ጠየቅሁ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ምን ውኃ ነው የሚንጠባጠበው?

ካውያውን አቆምኩ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የአክስቴ ቀሚስ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከቀይ ብጥስጣሽ ጨርቅ ክምር ላይ፣ የአባቴ ቀኝ እግር በፋሻውና በክፍት ጫማው ውስጥ ሆኖ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ከእህቱ እግር ጋር እኩል። ሠላሳ አምስት ዓመት የለመደውን ምት ለራሱ ይመታል። ነጩ ካልሲ ጫፉ ላይ የጨርቁን ቀለም ይዟል፤ ግን የጨርቁ ቀለም አልነበረም።

ቁርጭምጭሚቱን ለቀም አደረግሁ።

«ያዝኩት!»

«ማንን?» አለ አባቴ ከላይ።

«እግርህን!»

«የት ሄዶ?»

አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለች። መኪናዋ ቆመች። እግሩ ግን በእጄ ውስጥ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መታና፣ እንደ ተያዘ ሌባ ዝም አለ። አባቴም ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር እንደ ሌላ ሰው እግር አየው።

«በስመ አብ! እኔ አላዘዝኩትም» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማለሁ። የእኔ እግር ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ያባረሩት ሠራተኛ ሆኖ በጓሮ በር እየገባ ይሠራል!»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ሳቋ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከሦስት ሳምንት ቁጣ ሥር ፈንድቶ ወጣ። በርጩማዋ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ እንባዋን በቀይ ጨርቅ እያበሰች፣ «አንተ ልጅ! እኔ ስረግጥ… እሱ… ደብዳቤ ሲልክ!» እያለች መናገር አቃታት። አባቴም ሳቀ። እኔም ከመኪናዋ ሥር ሆኜ፣ እግሩን እንደያዝኩ፣ ራሴ ፔዳሉ ጋር እስኪጋጭ ሳቅሁ። ነገሩ እኮ የሚያስቅ አልነበረም። ግን ምክንያቱን አግኝተነው ነበር፤ ምክንያት የተገኘለት ነገር ደግሞ ይፈታል።

አክስቴ ወዲያው ተነሳች። ወንበር ከአባቴ ጎን አስጠጋች፣ ትራስ አደረገችበት፣ እግሩን አንስታ ዘረጋችለት፤ ከዚያ ከኮት ገበር በተቆረጠ ረጅም ጥብጣብ ከወንበሩ ጋር በፖስታ ቤት የእሽግ ቋጠሮ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«አሁን የትም አይላክም።»

ምቱ ግን ከአባቴ ሰውነት አልወጣም። በማግስቱ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ፤ እንደ እርግብ እየነቀነቀ ይሰፋል። «እሱ ቁስል የለበትም፣ ተዪው» አልኳት አክስቴን። ሲስተር ነገሩን ስትሰማ ደጁ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እስኪሰሙ ሳቀችና ሐኪሙን ጠርታ እንደገና አስተረከችን።

አራተኛው ሳምንት ቁስሉን ከካፖርት ቁልፍ በታች አወረደው። በአምስተኛው ዙሪያው መጋሉን ተወ፤ ጫፉ ላይ እንደ ጽጌረዳ አበባ የቀላ፣ ርጥብ፣ ፍም የመሰለ ሥጋ ብቅ ብቅ አለ። «ሰፊዎቹ ገቡ» አለች ሲስተር፣ በእኛ ቋንቋ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ በተጻፈው ቀን፣ ሁላችንም ክፍሏ ውስጥ ነበርን፤ ሐኪሙ ቆሞ፣ አክስቴ ግድግዳውን እያየች። ሲስተር ማስመሪያዋን አላነሳችም። እጇን ወደ አባቴ ዘረጋች። አባቴ ከኪሱ የኮቱን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት።

ቁልፉን ከቁስሉ በላይ ያዘችው። በቁልፉ ዙሪያ ምንም ቁስል አይታይም። ሸፈነው!

«እህ?» አለች አክስቴ ለግድግዳው። «ምነው ዝም አላችሁ? ሞታችሁ ነው?»

ሐኪሙ ያን አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከአባቴ ተቀብሎ ለሁለት ቀደደው። «ሌላ ሥራ አለብኝ» ብሎም ወጣ፤ ሲወጣ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። አባቴ «ተርታሪ ነው፣ ግን ጊዜውን የሚያውቅ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። እጅጌ። ሸሚዝ። ሃያ ሁለቱ ኮቶች ተሰቅለው ሱቁን እንደ እሳት አበሩት። የመጨረሻዎቹን ቁልፎች የተከለችው አክስቴ ናት፤ መነጽር አድርጋ፣ ዘፈን ይሁን ምን ይሁን የማይለይ ነገር በአፍንጫዋ እያዜመች። አባቴን «አንተ ልጅ» ማለቷን አልተወችም፤ ግን የምትለው ለስለስ አድርጋ ነው። የጓዱ መሪ ኮቱን ሊለካ ሲመጣ ጥሩምባውን ይዞ ነበር። ብብቱ እንደማይዘው ለማረጋገጥ ክንዱን አነሳና እዚያው ሱቁ መሃል በሙሉ ሳንባው ነፋው። መስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩት ቁልፎች ተንጫጩ። የአባቴ እግር ወንበሩ ላይ ታስሮ ባይሆን ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር አምላክ ይወቀው።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ እንኳ በዛ። ሲስተር በጣቷ ዳሰሰችው፤ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆዳ ነበር። «ስስ ነው» ብላ አስጠነቀቀችን። «ሰፊዎቹ ገና ውስጥ ናቸው። ወፍራሙን ጫማ ያደርጋሉ፣ በየቀኑ በመስታወት ያዩታል፣ ፔዳል ደግሞ ለጊዜው የለም።»

«ለጊዜው ማን ሊረግጥ ነው?» አለ አባቴ። አክስቴን አየ። አክስቴ እኔን አየች።

ያን ሳምንት በርጩማው ላይ አስቀመጠችኝ። «ዓይንህን እንዳትጨፍን። ጉልበትህን አይደለም የምታዳምጠው፣ የአባትህን እጅ ነው። እጁ ሲዘገይ ዘግይ።» በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ ክር በጠስኩ። በሁለተኛው ሦስት። «በረዶ ነው» ትላለች፣ ከኋላዬ ቆማ። በአምስተኛው ቀን ከኋላዬ ምንም አልተናገረችም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የአንድ ግራጫ ኮት እጅጌ እየገጠምን ነበር። እጅጌ ክብ ነው፤ መሃል ላይ ከቆሙ ይታወቃል። ዝናቡ እኩል እየወረደ ሳለ አክስቴ ከጓዳ ወጣች። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ቡናማ ሻንጣዋ በእጇ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከተደረደሩት ቁልፎች ትልቁን፣ የካፖርቱን፣ አነሳች፤ በጣቶቿ አንዴ አገላብጣ አየችውና ኪሷ ከተተችው።

«እትዬ?» አልኩ።

በአገጯ ወደ ካውያው ጠቆመችኝ። «ግሏል፤ ስትጨርስ ንቀለው።»

አባቴ ዘወር አላለም። ዓይኑ መርፌው ላይ ነው፤ ራሱን ግን እንደ እርግብ እየነቀነቀ፣ «አታቁም» አለኝ።

አላቆምኩም። በሩ ተከፈተ፤ የመንገዱ ጫጫታና ቀዝቃዛ አየር ገባ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።